ሉሁን ያጠብኩ ቀን

ድስት በፈገፈግኩ ቁጥር የጥላሸቱ ሽታ ያንን መራራ ውኃ ጉሮሮዬ ላይ ይመልስብኛል።

ሐይቅ ከተማ በታጣቂዎች እጅ በወደቀችበት ሰሞን አስተማሪ እየተለቀመ ይወሰድ ስለነበር፣ የአማርኛ መምህሬ እኛ ቤት ተደበቁ። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ "የአምባሰል ዘመዴ ነው፤ ገበሬ ነው፣ ፊደል አልቆጠረም" ይላል። ደብተሮቼን እንዳይገኙብን ቀብረናቸው ስለነበር፣ አባቴ ቁርኣን የምቀራበትን የእንጨት ሉህ ለመምህሩ ሰጣቸው።

"ይኼም ዒልም ነው፤ ዕውቀት ነው" አለ።

መምህሩ ጣታቸውን በጥላሸት ቀለም እየነከሩ ጻፉልኝ። "ሰውኛ ዘይቤ ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ ነው። ሐይቁ አኮረፈ እንደምንለው።"

"ሰውን ሰው እንዳልሆነ ማድረግስ ምን ይባላል?"

"እሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም" ብለው ጣታቸውን እንደገና ቀለሙ ውስጥ ነከሩ።

ወዲያው በሩ ተደበደበ። ቁርኣን ቤት እንደለመድኩት ሉሁን አጥቤ እጣቢውን ጠጣሁት። የገባው ታጣቂ ባዶውን ሉህ አገላብጦ አየና ተወው። ቀጥሎ የመምህሩን እጅ ይዞ ጣታቸውን አየ። ይዟቸው ወጣ፤ አልተመለሱም።

አሁን ድስቱ ጸድቷል፤ ጣቶቼ ግን ጠቁረዋል። ያን ቀን ሉሁን አጠብኩ እንጂ የእሳቸውን ጣት አላጠብኩም።