ፋይሎቼን እንደ ቡና ለቀምኳቸው

ዛሬ ቴፒ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ላቀርብ አንድ ሰዓት ሲቀረኝ የሠራሁት ድረ ገጽ ባዶ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ፤ የተደባለቀ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ጠዋት የፕሮጀክቱን ፋይሎች እንደ ቡና ለቅሜ፣ ምስሉን ለብቻ፣ ኮዱን ለብቻ፣ ያላወቅኩትን ሁሉ "ሌላ" የሚል ፎልደር ውስጥ ከትቼ ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ሐያት አይታ ሳቀች። "አንቺ፣ እነዚህ እኮ የሚፈላለጉት በአድራሻ ነው። ቤታቸውን ስትቀይሪ ለማን ነገርሽ?"

ያኔ በራልኝ። ድረ ገጹን መረጃው ከተቀመጠበት ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ፋይል "ሌላ" ውስጥ ተጥሏል። እያንዳንዱን ማን እንደሚፈልገው እያየሁ ወደየቦታው መለስኩ።

ተከፈተ፤ ገጹ ላይ የለጠፍኩት የአገሬ የሸኮ ቡና ፎቶ ሳይቀር።

መምህራችን አንዱን ፎልደር ከፍተው "ይሄ ምን ይሠራል?" ሲሉኝ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ የሰፈሬን ሰው የማወራ ያህል ነገርኳቸው። ትናንት ቢጠይቁኝ አልቆልኝ ነበር።

እናንተስ፣ አስተካክላለሁ ብላችሁ ምን አፍርሳችሁ ምን ተማራችሁ?