የኮሶዋ መታጠፊያ ዕርቅ

አያ ቢሻው ባይኖሩ ኖሮ የእኛ መንደር ሰው ግማሹ ከግማሹ ጋር እንደተካሰሰ ይቀር ነበር። ይህን የምለው ላሞግሳቸው አይደለም። ጎረቤታቸው ነኝ፤ ጎረቤት ደግሞ ሰውን ከነጉድፉ ነው የሚያውቀው። ነገር ሲበላሽ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በአገውኛ የመጣባቸውን በአገውኛ፣ በአማርኛ የመጣባቸውን በአማርኛ እያባበሉ፣ ዱላ ያነሳውን ሰው ሳይቀር ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ያስቁት ነበር። እኔን ግን ዝምታቸው ያናድደኝ ነበር። ከደጃቸው ስንት ጉድ ሲያልፍ እያዩ ምንም አይናገሩም። ስቆጣቸው ደግሞ ይስቃሉ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይሉኛል።

መንደራችን ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ ሲኬድ፣ አስፋልቱ ቁልቁል ወርዶ ድንገት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ናት። ከዳሩ አንዲት ያረጀች የኮሶ ዛፍ ስላለች የኮሶዋ መታጠፊያ ይባላል። እኔ ሱቅ ያለኝ እዚያው ነው። ቀድሞ ከላይ የሚወርደው ሾፌር ከታች የሚመጣውን ጋሪ ከሩቅ ያየው ነበር። በኋላ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ መጣና ሰዉ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ተከለው፤ መታጠፊያው ጨለመ። በክረምት ጉሙ ከሐይቁ ወጥቶ ይተኛበታል። በገበያ ቀን ደግሞ ጋሪው ሁሉ አመሻሽ ላይ ነው የሚመለሰው፣ ከኋላው አንዲት የምታብረቀርቅ ነገር ሳያንጠለጥል። እንግዲህ ሾፌር መልአክ አይደለም።

ጋሪ ሲገጭ ከፖሊስ ቀድመው የሚደርሱት አያ ቢሻው ነበሩ። አበረን አስታውሳለሁ። ጋሪ ነጂ ነበር፤ ሚኒባስ ከኋላው ገጭቶ ዳሌውን ሰበረው። አያ ቢሻው የሁለቱን ወገን ዘመዶች ሰበሰቡ። ሾፌሩ በወጉ መሠረት ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ መጥቶ ከአበረ እግር ሥር ወደቀ፣ ይቅርታም ተባለ። የሾፌሩ ወንድሞች ያንን ክረምት የአበረን ማሳ አርሰው፣ ዘርተው፣ አረሙለት። ፍርድ ቤት ይህን ያደርግ ነበር? እንጃ። ዕርቅ ደም ያድርቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዕርቅ ግን መዝጊያ አለው። ቄስ ዓለምነው መስቀላቸውን ያነሱና ይገዝታሉ፦ ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር ያነሳ፣ ለዳኛም ሆነ ለፖሊስ ያወራ፣ የተገዘተ ይሁን። ሁሉም አሜን ይላል። ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው። ፖሊስ አበረን ሲጠይቀው «በቅሎዋ ደንብራ ጣለችኝ» አለ። ከአበረ በኋላም ብዙ ሰው እዚያው ወድቆ እንዲሁ ታርቋል። ቤቱ ተኝቶ ከርሞ የሞተም ነበር፤ እሱም በሕመም ሞተ ተባለ።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሳጅን ያለምወርቅ የምትባል ትራፊክ ፖሊስ ወደ ሱቄ መጣች። ወጣት ናት፣ ፊቷ ግን ጨዋታ አያውቅም። አያ ቢሻው ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በባንኮኒው ላይ ካርታ ዘረጋች። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነጥብ አድርጋለች፤ የዳንግላ መግቢያ ቀይ ነው፣ ወደ ጫግኒ የሚገነጠለውም እንዲሁ። የእኛ መታጠፊያ ንጹሕ ነጭ ነው።

«ባለፍኩ ቁጥር የተሰበረ መስታወትና የጋሪ ስባሪ አያለሁ» አለች። «መዝገባችን ግን እዚህ ትንኝ እንኳ አልሞተም ይላል። የመንገድ ደኅንነት ኮሚቴው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሚያሠራውና ዛፉን ከጠርዝ የሚያስመነጥረው መዝገቡን አይቶ ነው። ይህን ቦታ ማስገባት የምችለው ሰዎቹ ከነገሩኝ ነው። አያ ቢሻው፣ እርስዎ ይፍቀዱላቸው።»

«ልጄ፣ የታረቀ ነገር አይቆፈርም።»

«እኔ ማንንም ልከስ አልመጣሁም። ስም አልፈልግም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጉም እንደነበር፣ ጋሪ ይሁን እግረኛ፣ ይኸው ነው።»

«ቀኑን የነገርኩሽ ዕለት ስሙን ነገርኩሽ ማለት ነው። እዚህ አገር ማን መቼ እንደወደቀ የማያውቅ የለም። ነገ አንዱ ሾፌር ቢታሰር፣ ከዚህ በኋላ ማን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣልኛል?»

«ነገ ሰው ቢሞትስ?»

አያ ቢሻው መሬት መሬት አዩ። «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ።

እኔ አላስችል ብሎኝ «አያ፣ ሳይቃጠል በቅጠል አይደል የሚባለው?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። እውነት ለመናገር ክፋት አልነበረባቸውም። ያንን ግዝት ያስገዘቱት ራሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ቢያፈርሱት ከዚያ ወዲያ ቃላቸውን የሚያምን አይኖርም። ሳጅኗ ካርታዋን ጠቅልላ ሄደች። ሰኔ ላይ ጉብታ የሚሠራባቸው ቦታዎች ተለዩ፤ የእኛ የለበትም።

አያ ቢሻው አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ እናትነሽ። ከመንደሩ ማዶ ነው ያገባችው። ነገር ታበዛለች፣ ትስቃለች፣ የአባቷን ዝምታ እሷ ነበረች የምታካክሰው። ሱቄ ስትመጣ ዕቃ ከምትገዛበት ጊዜ የምታሾፍብኝ ይበልጥ ነበር። በነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ድንች ሸጣ በጋሪ ስትመለስ ጉሙ ወርዶ ነበር። ከሰል የጫነ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ወረደ። እኔ ድምፁን ሰማሁ። ወጥቼ ስሮጥ በቅሎዋ እያጣጣረች ነው፣ ጋሪ ነጂው ከቦዩ ውስጥ ቆሞ ይጮኻል፣ እናትነሽ ግን ድምፅ የላትም። ነጠላዬን አለበስኳት። አያ ቢሻው እንደ ወጋቸው ሊያስታርቁ እየሮጡ መጡ፣ ማን እንደሆነች ሳያውቁ። ማን እንደሆነች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ያንን የተናገረ አፌን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ሬሳ በመንገድ ላይ ስለነበረ ፖሊስ ተጠራ። ሳጅን ያለምወርቅ መጥታ ለካች፣ ጻፈች። አንዲት ቃል አልወቀሰቻቸውም። ብትወቅሳቸው ይሻላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከአርባዋ በኋላ የከሰል መኪናው ሾፌር ምህረቴ፣ በዋስ ተለቅቆ፣ ሽማግሌ ላከ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አለ ሰዉ፤ አገር ሲያስታርቁ የኖሩት ሰውዬ ዛሬ ታራቂ ሆነው ተቀመጡ። ምህረቴ ገና ልጅ እግር ነው፤ ትልቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ገባ። አያ ቢሻው እስኪወድቅ አልጠበቁትም። ተነሥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከአንገቱ አወረዱለት።

«ምሬሃለሁ ልጄ። ደሙ ደርቋል» አሉት።

ሰዉ እፎይ አለ። ቄስ ዓለምነው ለመገዘት መስቀላቸውን አነሡ። አያ ቢሻው እጃቸውን ዘረጉ።

«አባቴ፣ መስቀሉን ያቆዩልኝ። ምሬዋለሁ፣ ነገሩ ግን አይዘጋም። እንዲያውም የኮሶዋን መታጠፊያ ግዝት ሁሉ ይፍቱልኝ።»

«ያስገዘትኸኝ እኮ አንተው ነህ!» አሉ ቄሱ።

«እኔ ነኝ። ሰው ከሰው እንዳይጣላ ብዬ ነበር። ለመንገዱም ዝም እንዳልኩለት አላወቅሁም።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዳንዱ ሐዘን አእምሯቸውን ነክቶት ነው አለ። በመጨረሻ አበረ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣና «አባቴ ይፍቱኝ፣ እኔ እናገራለሁ» አለ። ቄስ ዓለምነው መስቀላቸውን አንሥተው እግዚአብሔር ይፍታችሁ አሉ። ሳጅን ያለምወርቅም ወሬውን ሰምታ መጣችና፣ በተናገሩት ማንም እንዳይከሰስ አለቆቿን ማስማማቷን ነገረቻቸው፤ በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድትመጣ ተቀጠረች።

ጉብታው ኋላ ተሠርቷል፣ ዛፉም ከጠርዙ ተመንጥሯል፣ ጋሪዎቹም ከኋላቸው አንጸባራቂ ለጥፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ያ እሑድ ነው።

ሳጅኗ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ መታጠፊያው የተጻፈውን አነበበች። አንድ መስመር ብቻ ነበር። «የመጀመሪያ አደጋ፤ እናትነሽ ቢሻው፣ የሞት።»

አያ ቢሻው ቀና አሉ። «የመጀመሪያ ነው ያልሽው?»

«በመዝገቡ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፣ አያ።»

«አይደለችም ልጄ። ከፊቷ አበረ አለ፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ፣ ጉም ነበር። ጻፊው።» ከዚያ ቀጠሉ። ያስታረቁትን ሁሉ በተራ ጠሩ፤ ቀኑን፣ አየሩን፣ የወደቁበትን ቦታ። የተጠራው ከሰዉ መሐል እየተነሣ አዎ ይላል፤ በሞተው ፈንታ ልጁ ወይም ሚስቱ ትነሣለች። ሳጅኗ በአዲስ ገጽ በቀን ቅደም ተከተል ጽፋ ስትጨርስ የእናትነሽ ስም ከገጹ አናት ወርዶ ከሁሉም በታች ሆኖ ነበር።

«አሁን የመጨረሻ ብለሽ ጻፊያት» አሏት።

«እሱን መጻፍ አልችልም አያ ቢሻው። ማንም አያውቀውም።»

«እሺ» አሉ። ቀጥለውም «አበረን ያኔ አስጽፌው ቢሆን፣ እሷ እዚህ አትጻፍም ነበር» አሉ፣ ለሳጅኗ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ እዚያው ሰዉ ሁሉ ፊት ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። የሁላችንን እንባ ሲያብሱ የኖሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ ከመካከላችን እሳቸውን እንዴት እንደሚያባብል የሚያውቅ አልተገኘም።