ጣቴን የሰበሰብኩበት ቀን

በዚያ ጠዋት በሰው አገር፣ አማራት በሚባል ሰፈር ባለው የልጄ ምግብ ቤት አራት ነበርን። ልጄ ሰናይት ከባንኮኒው ኋላ፣ ወጥ ሠሪዋ አስቴር ማማሰያዋን ይዛ ከኩሽናው በር ላይ፣ አስተናጋጇ ኒያኪም ወረቀት ይዛ መሀል ወለሉ ላይ ቆመዋል። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

ኒያኪም ጋምቤላ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኛ አይለይም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለዚያው ቀን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቷታል። ወረቀቱ ላይ ያለ አንድ ቃል ግን አላሳልፍ ብሏታል።

«ሪስፖ... ሪስፖንሲ...»

«አንቺ፣ ይሄ ቃል ሳያልቅ ምሳ ይደርሳል!» አለች አስቴር።

እኔ አልሳቅሁም። ውቢትን አሰብኩ።

አሰላ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ውቢት ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው። ዝናብ ሲጀምር ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጭቃውን አብረን እንሻገራለን፤ ከኪሷ የገብስ ቆሎ እየዘገነች ታካፍለኛለች። ማንበብ ትወዳለች፤ ረጅም ቃል ሲመጣ ግን ምላሷ ይያዛል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ረጅም ቃል ሸንኮራ ነው፤ በየአንጓው ስበሩት» ይሉ ነበር። ከዚህ ተነስታ ዘዴውን ያገኘችው ራሷ ናት። እኔ ከኋላ ሆኜ የቃሉን ቁራጮች በጣቴ ጀርባዋ ላይ እመታለሁ፤ ድምፅ ከፍ የሚልበት ላይ ጠንከር አደርጋለሁ። ያኔ ምላሷ ይፈታል።

ለወላጆች በዓል በእንግሊዝኛ ንግግር የሚያነብ አንድ ተማሪ ሊመረጥ ሆነ። የውቢት አባት ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯት አስበዋል፤ ሕዝብ ፊት ስታነብ ቢያዩዋት ሐሳባቸውን እንደሚለውጡ ታምን ነበር። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም ማንበብ እፈልግ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ለምርጫው የምናነበው ክፍል ውስጥ በየቦታችን ቆመን ስለነበር ጀርባዋ ከእጄ አይርቅም። እስከ መሀል ደህና ሄደች። ረጅሙ ቃል ሲደርስ እጆቼን ብብቴ ሥር ከተትኩ።

ውቢት ጠበቀች።

«ሞተሩ ጠፋ! ግፏት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዞር ብላ እጆቼ ያሉበትን አየች፤ ተቀመጠች።

ንግግሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝ። በመስከረም ወንበሯ ባዶ ነበር። ተድራ ሩቅ አገር ሄዳለች አሉ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰው የሠራውን ይናዘዛል፤ እኔ ያልሠራሁትን ለማን እንደምናገር ሳላውቅ አረጀሁ።

«ነይ እስቲ፣ ጀርባሽን ስጪኝ» አልኳት ኒያኪምን።

ሪስ፣ ፖን፣ ሲ፤ አራተኛው «ቢ» ላይ በጣቴ ጠንከር አድርጌ መታሁ። ሁለቴ ተሰናከለች። በሦስተኛው ቃሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

«ያላ፣ ፍጠኚ፣ የሚወስድሽ የቦዳ ሞተር በር ላይ ነው!» አለች ሰናይት።

ኒያኪም ግን አልተንቀሳቀሰችም። «እማማ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ጓደኛዬ።»

«አሁን የት ናት?»

«አልጠየቅሁም» አልኳት፤ ጥላዬን አነሳሁና ወደ ጭቃው ወጣሁ።