ከወደፊት የመጡ ፋይሎች

ላፕቶፔ ሥራ ሲበዛበት ማራገቢያው ያፏጫል፤ የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። ያኔ በሐሳብ ከዚህ ከሩቅ አገር ተነሥቼ መርካቶ ሰባተኛ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጡት የጋሼ ሱቅ እገኛለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ የራሴ ኮምፒውተር አልነበረኝም። ጋሼ ደግሞ ዋይፋይ አልይዝ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ነበራቸው። ሱቅ እስኪዘጋ ካሠራሁት የኔ ሊሆን፣ ካልሆነ ለመለዋወጫ የሚፈልገው ሰውዬ ሊወስደው ተስማማን። መላው አንድ ነበር፦ ከርነሉን፣ ዕቃውን ሁሉ የሚያዝዘውን የሲስተሙን ልብ፣ ለዚያ ላፕቶፕ እንዲስማማ አድርጌ ራሴ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለት ኮዱን ፋይል በፋይል ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ። ኮዱን በፍላሽ ይዤ፣ የክፍል ጓደኛዬን አስከትዬ፣ በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ።

ደጅ የተሸካሚዎች «ዞር በሉ» አይቋረጥም፤ ከጎረቤት የአዲስ ጫማ ሽታ ይገባል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሾለከች ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ከሚወርዱት ፊደሎች ጋር ትጫወታለች። እኩሌታው እንዳለቀ መብራት እልም አለ። ባትሪው የሞተ ነው። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል ብዬ ነበር፤ እሱ እቴ፣ ከሀ ጀመረ። መብራት ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ከሀ። ፋይሎቹ ገና ባልደረሰ ቀን የተጻፉ ናቸው የሚል ማስጠንቀቂያ ይደረደራል።

«ከየት ነው ያወረድሽው፣ ከስምንተኛው ሺህ?» አለች ጓደኛዬ።

ሳቅ አልመጣልኝም፤ ቀኑ እያለቀብኝ ነበር። ድንገት ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዐረፈ። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም በኛ አቆጣጠር ነው።

«ጋሼ፣ ቀኑን ነክተውት ነበር?»

«አዎ ልጄ። ሲመጣ በፈረንጅ ነበር፣ አስተካከልኩልሽ። የሁሉንም አስተካክላለሁ» አሉ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

ለካስ ኮዱ የተጻፈበት ቀን በማሽኑ አቆጣጠር ገና ዓመታት ይቀሩታል፤ ማሽኑም የጨረሰውን ሁሉ ከኮዱ ያረጀ ነው እያለ እንደ አዲስ ይሠራ ኖሯል። ቀኑን ወደ ፈረንጁ መልሼ እንደገና አስጀመርኩት። መብራት ልማዱን አልተወም፣ ሄደ። ጋሼ ለዓስር ሰላት ተነሡ፤ እኔም በልቤ እመብርሃንን ተማጠንኩ። መብራቱ ሲመለስ፣ ልንገራችሁ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ጓደኛዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤቶች ማን ወለደ ብለው ብቅ ብቅ አሉ። ጋሼ መዝጊያውን ሊያወርዱ ሲሉ የስልካቸው ዋይፋይ ስም ስክሪኑ ላይ ታየ። የመለዋወጫው ሰውዬ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ጋሼ ግን የስክሪኑን ጥግ አይተው ቅር አላቸው። ከመሳቢያቸው የኪስ ካሌንደር አወጡና የላፕቶፑ ክዳን ላይ በፕላስተር ለጠፉልኝ።

«እሱ የፈለገውን ይቁጠር። አንቺ የኛን እንዳትረሺ።»

እዚህ ከመጣሁም ወዲያ በየመስከረሙ የዓመቱን ካሌንደር በሰው ይልኩልኝ ነበር። ጾሙንም በዓሉንም የማየው በሱ ነው። ዘንድሮ ከአገር የመጣችው ሴት ያመጣችልኝ ግን መርዷቸውን ነው። የአምናውን ልነቅለው እጄ እምቢ አለ፤ ሰኞውን ማክሰኞ እያልኩ፣ አንድ አንድ ቀን እየገፋሁ ለዘንድሮ አነብበዋለሁ።