ኮምፒዩተሩ የማይጠራው ታካሚ

ኦስላ ሃልክሮ «ተሳስቻለሁ» ማለት የማይሆንላት ነርስ ናት። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ሰሜን ጫፍ ባለች አንዲት ደሴት ጤና ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ የደሴቲቱን ሰው ግማሹን ከትባለች፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ተቆጥታለች። ዶክተሮች ከዋናው ምድር ይመጣሉ፣ ነፋሱ ያማርራቸውና ይሄዳሉ፤ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን መድኃኒቱን ለውሻው እንደሚያበላ ለአዲሱ ዶክተር የምትነግረው እሷ ናት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጤና ጣቢያውን የምትመራውም እሷው ናት።

ሎሪ የጎረቤቷ የጊርዚ ልጅ ነው። ሲወለድ ሴት ተብሎ ነበር የተመዘገበው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ኦስላ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋና ወንድ መሆኑን ነገራት፤ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ኦስላ ነገር አላበዛችም። «ታዲያ ማን ልበልህ?» አለችው። ባሕር ላይ የቀረውን የአያቱን ስም መረጠ። በዚያች ደሴት የአያት ስም ማንሳት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገሩ ያልገባቸው ሽማግሌዎች እንኳ ለስሙ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ሎሪ በሳልሞን ዓሣ እርባታ ጀልባ ላይ ይሠራል፣ ጢሙን አሳድጓል፣ በየአሥራ ሁለት ሳምንቱም የሆርሞን መርፌውን ኦስላ ትወጋዋለች።

ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው መዝገቡ ላይም ወንድ ተብሎ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ኦስላ ቅጹን ራሷ ሞላች፣ ራሷ ላከች፣ ሲጸድቅም ለሠራተኛው ሁሉ ኬክ አመጣች። ደረቷን ነፍታ ነው የሰነበተችው።

ስህተቱ የተሠራው ያኔ ነው። ለማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ሰው የሚጠራው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ደግሞ ሴት ተብለው የተመዘገቡትን ብቻ ነው። ሎሪ ማሕፀን አለው፤ ወንድ ተብሎ በተጻፈበት ቀን ግን ከጥሪው ወጣ። እንዲህ ያለውን ታካሚ ነርሷ በእጇ መዝግባ ራሷ መጥራት ነበረባት። ኦስላ አላወቀችም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አዲሷ ዶክተር «ሎሪ መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው?» ስትላት ፊቷ አመድ መሰለ። ከተመረመረ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒዩተሩን ይራገም ነበር። ኦስላ ግን ያንኑ ቀን መዝገቡን ስታገላብጥ ዋለች። ሁለት ሌሎች አገኘች፤ አንደኛው እንደ ሎሪ ያለ፣ ሌላው ወንድም ሴትም አትበሉኝ የሚል። የሁሉንም የምርመራ ቀን በገዛ እጇ ጻፈች። ሎሪ ለመርፌው ሲመጣ መርፌውን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«አንድ ነገር አበላሽቼብሃለሁ» አለችው።

«አንቺ?» ሎሪ ሳቀ። «ቆይ ቀኑን ልጻፈው።»

ነገረችው። ሳቁ ጠፋ።

«መዝገቡን ባልነካው ኖሮ ደብዳቤው ይደርስህ ነበር።»

«ያንን ቀን አትንኪብኝ፣ አክስቴ! ወረቀቱን ስንት ቀን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ማክሰኞ መጥቼ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ሞቼ እገኛለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት የሴቶች ምርመራ መሆኑን የማያውቅ የደሴቲቱ ሰው የለም። የዚያን ቀን የተቀመጠ ሰው ምን ሊታይ እንደመጣ ምሳ ሳይደርስ ይወራል።

«ማን ማክሰኞ አለህ? ሐሙስ ና፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር።» ሐሙስ ወደ ባሕር የሚወጡት ለሥራ ፈቃዳቸው ዓይንና ጆሯቸውን የሚታዩበት ቀን ነው።

«ቢያመኝስ? ሆርሞኑ ያደርቃል ይላሉ።»

«ያደርቃል። ትንሿን መሣሪያ ነው የምጠቀመው። አቁሚ ስትለኝ አቆማለሁ።»

«አንቺ? ታቆሚያለሽ?»

«አፌን ማቆም እንኳ አልችልም። እጄን ግን አቆማለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ሎሪ ከስድስት ወንዶች መሃል ተቀመጠ። ማንሲ የሚባለው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «አንተም ወደ ባሕር ልትወጣ ነው? እዚያ ዓሣው ቀለብ እንድትሰጠው ተሰልፎ አይጠብቅህም!» ሲል ለከፈው።

«ባሕሩ ላይ ያለውማ አንተን አይቶ ነው የጠፋው» አለው ሎሪ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኦስላ ስሙን ስትጠራ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ውስጥ ሁለት ጊዜ «አቁሚ» አላት፤ ሁለቴም አቆመች። በሦስተኛው አለቀ።

ውጤቱ ግን ደስ አይልም ነበር። ካንሰር አይደለም፤ ቢተው ወደዚያ ሊያመራ የሚችል የተለወጠ ሴል ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ አሁን ቢነሳ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነገር። ችግሩ ሴሉ የሚነሳው ዋናው ምድር ባለው ትልቅ ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። «እስከ በሩ እመጣለሁ» አለ ሎሪ። «ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም።» ኦስላ ፈቃድ ወስዳ አብራው ሄደች። መርከቡ ሲያንገላታቸው አድሮ ጠዋት አደረሳቸው።

የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳትል ቅጹን ለኦስላ ዘረጋችላት። «ይሄን ይሙሉልኝ፣ እናቴ። ልጅዎ ውጭ ይጠብቅዎታል፤ ካፍቴሪያው ታች ነው።»

ኦስላ መልሷ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፣ ያውም የሚያቃጥል። ዋጠችው። ይህን መናገር ያለበት ሎሪ ነው፤ ካልፈለገም አለመናገር መብቱ ነው። ሎሪ በሩን ተመለከተ። ይሄዳል ብላ ተከትላው ልትወጣ ቦርሳዋን አነሳች።

«ታካሚው እኔ ነኝ» አለ ሎሪ፣ ጀልባ ላይ በለመደው ድምፅ፣ ክፍሉ በሙሉ እስኪሰማ። «ሎሪ እባላለሁ። ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።»

የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ቀና አሉ። ሠራተኛዋ ቲማቲም መስላ ይቅርታ ጠየቀችና ቅጹን ሰጠችው። አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ከአጠገባቸው ወንበር ላይ አነሱና «ና፣ እዚህ ሰው የለም» አሉት። ሄዶ ተቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ ስሙ ተጠራና ገባ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሐኪሙ ብቅ ብሎ «በደንብ አልቋል። በጊዜ ነው ያመጣሽው» አላት። ኦስላ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች፣ ያውም በድምፅ። አሮጊቷ መሐረብ አቀበሏት።

«ልጅሽ ነው?» አሏት።

«ታካሚዬ ነው» አለች ኦስላ።