አባ ሲገቡ የዘለለው በሬ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው። ከልቤ ያልወጣው በአንድ ጠዋት ስለ አንድ ቪዲዮ ሁለት ፍርድ ስለሰማሁ ነው።

አብራኝ የምትኖረው የልጄ ልጅ ባንቺአምላክ ከጭቃ ጥማድ በሬና ገበሬ ሠራች። በሬዎቹን ትንሽ ፈቀቅ ታደርግና በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፤ ደግሞ ፈቀቅ፣ ደግሞ ፎቶ። ፎቶዎቹ ተቀጣጥለው ሲሮጡ ጭቃው ያርሳል። ለትምህርት ቤቱ የፈጠራ ውድድር ነው። ሳይገረፍ የማይሄድ በሬ አውቃለሁ፤ በየእርምጃው አንስተው የሚያስኬዱትን ግን ያኔ አየሁ።

«ጥራት እንዲኖረው» ብላ መስኮቱን በጋቢዬ ጋረደችው። ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጠቁራል፣ ይነጣል አለችኝ። እግዜር የሰጠን ፀሐይ ጥራት ስለሌለው በአንድ አምፖል ተቀመጥን። ስልኩንም ጠረጴዛው ላይ በገመድ ጠፍራ አሰረችው፤ ከተነቃነቀ ሥራው ይበላሻል።

ቤታችን ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ከመደቡ ጋር ስለተጣበቀ እሱን ሳይገፉ መነሳት አይቻልም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ተብሎ «ኖር» ይባላል። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ገቡ። ልጅቱ ንቅንቅ አላለችም።

«ተነሺ እንጂ! አንቺም ጭቃ ሆንሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ ስልኩ...»

«እንግዲያው ስልኩ ይባርክሽ!»

ተነሳች፤ ጠረጴዛው ተገፋ፣ በሬውም ከቦታው ተንሸራተተ። «ኖር» አለች። አባም «በእግዜር» አሉ። በኋላ እያለቀሰች አሳየችኝ፤ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ በሬው ካለበት ዘለል ይላል። እንደገና ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ ከነዝላዩ ተወሰደ።

በውድድሩ ቀን የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ኮት የለበሰ መምህር፣ ቪዲዮውን ገና ሳይጋመስ አስቆመው። «ይህ ጥራት የተማሪ ሥራ አይደለም። ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ ከውድድሩ ወጥቷል» አለ።

ባንቺአምላክ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ከወላጆች መካከል ብድግ አልኩ።

«ጌታው፣ እስከ መጨረሻው ያሳዩን። ወደፊት በሬው ይዘላል። አባ ቤታችን የገቡ ጊዜ ነው፤ ተነሺ ያልኳትም እኔ ነኝ። የእርስዎ ኢንተርኔት ለቄስ ይነሳል?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቀጠሉት፤ በሬው ዘለለ። ሰብሳቢው ከጓደኞቹ ጋር ተንሾካሾከና፣ «እሺ፣ የእሷ ነው። ግን ይዘላል፤ ጥራት ይጎድለዋል» አለ።

«እሰይ! ሲጠራ የሰው፣ ሲዘል የእኛ! አንዱን ይምረጡ እንጂ ልጄ።»

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ፍርዱ ሲቃና እቀመጣለሁ።»

ቆሜ ቀረሁ። ሦስተኛ አሏት። አንደኛ የወጣው በእውነት ይበልጣታል፤ ሐሰት አልናገርም። ስለ ሁለተኛው ግን አታናግሩኝ።

ሰሞኑን ያ ሰብሳቢ አዲሱን ሥራዋን ለማየት ቤታችን ድረስ መጣ። እሷ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ የጭቃ ዶሮ ፈቀቅ ታደርጋለች። መምህር ነውና ልትነሳ ስትል፣ «አትነሺ!» አልኳት። በዕድሜዬ ለማንም ያላልኩት ቃል ነው። በእሷ ፋንታ እኔ ከበሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ብድግ ብዬ፣ «ኖር» አልኩት።

«ኧረ በእግዜር እማማ፣ ይቀመጡ!» አለ ደንግጦ።

«ጥራት እንዳይጎድል ብዬ ነው» አልኩት።

በዚያ ፍርድ ሆዴ እስካሁን አልሻረም። ዶሮዋ ግን አልዘለለችም።