የሚያመነታ ጣት

በሰፈሩ ሰው ዘንድ መርማሪ ናት። ቃሉ ትክክል ነው፤ የሥራ መታወቂያዋም ላይ ከስሟ ሥር «መርማሪ» ይላል። የምትመረምረው ግን ወንጀል አይደለም። የስልክ፣ የቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቁልፎችን ነው። አንድ ኩባንያ «ስክሪኑ ላይ ጣት እንዲህ ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር ይከፈታል፤ ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝና ፓተንት ይሰጠኝ» ብሎ ሲያመለክት፣ ነገሩ በእርግጥ አዲስ መሆን አለመሆኑን ታጣራለች። ከእሱ በፊት ሌላ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ሠርቶት ለሰው አሳይቶት ከሆነ ፓተንቱ አይሰጥም።

ይህን ለጎረቤት ማስረዳት አልሆነላትም። ሰፈሩ ውስጥ እንደገባች ሰሞን «የቁልፍ መርማሪ ነኝ» ብትል፣ ቤታቸው የተሰበረባቸው ሰዎች አቤቱታ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲያ ተወችው። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። የታክሲ ረዳት አይጨቃጨቃትም። ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ባሏ ነው። ባሏ ስልክ ሠሪ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር፣ ሁለት ሰው ገብቶ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችው። ደንበኛ ሲነዘንዘው «ኋላ ለሚስቴ እነግርብሃለሁ፤ ቤትህ ድረስ መጥታ ትመረምርሃለች» ይል ነበር። ሰው ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን ትንሽ ያስባል።

ባሏ ከሞተ ዓመት አልፎታል። አላለቀሰችም። መጀመሪያ «ጠንካራ ናት» ተባለ፤ ቀጥሎ «ልቧ ድንጋይ ነው» ተባለ፤ በመጨረሻ ሰው ሌላ ወሬ አገኘ። እሷ ጠንካራም ድንጋይም አልነበረችም። እግር ላይ ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ እግሩ አለ፣ ያዩታል፣ ይዳስሱታል፣ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስላል። እንዲያ ነበር የሆነችው፤ ሁለንተናዋ። ጠዋት ትነሳለች፣ ትታጠባለች፣ ትሄዳለች። ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ቢጠይቋት ቆማ ማሰብ ይኖርባታል።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ታናሽ እህቷ አብራት ትኖራለች። ለሁለት የምታወራ ሴት ናት።

«ሥራ እንዴት ዋለ?»

«ደህና።»

«ደህና ብቻ?»

«ደህና።»

«ጉድ ነው። እንዲህ እየቆጠብሽ ከሄድሽ ከርሞ ‹ደህ› ብለሽ ልታቆሚ ነው» ትላለች እህቷ፣ ሽንኩርቱን እየከተፈች። እሷ ፈገግ ትላለች፤ ማለት፣ ፈገግታ የሚባለውን ነገር ፊቷ ይሠራዋል።

መሥሪያ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ የዝናብ ውሃ የተወው ቡናማ መስመር አለ። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስክሪን፣ አንድ የደረቀ እስክሪብቶ፣ አንድ የሚጽፍ። ማመልከቻ ስታነብ ቀኝ እጇ ሥራ አይፈታም፦ የተጻፈውን እንቅስቃሴ ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ትሞክረዋለች። ወደ ላይ መግፋት፣ ሁለቴ መንካት፣ ተጭኖ መቆየት። በማመልከቻ ቋንቋ ጣት ጣት አይባልም፤ «ግብዓት ሰጪ አካል» ይባላል። የሕፃን ጉንጭ የሚነካው፣ እንባ የሚጠርገው፣ ያው ራሱ ጣት፣ እዚያ ወረቀት ላይ ሲደርስ ግብዓት ሰጪ አካል ይሆናል። ይህን ያህል ዘመን ስታነበው አንድ ቀን እንኳ ሳይገርማት መቅረቱ ይገርማል።

አንድ ማክሰኞ የመጣላት ማመልከቻ እንዲህ ይላል፦ የተጠቃሚው ግብዓት ሰጪ አካል በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ሲያመነታ፣ ስልኩ ወዲያው ከመቀበል ይልቅ ይጠብቃል፤ ሁለቱ ቁልፎች ብቻ እየሰፉ ይመጣሉ፣ የቀሩት ወደ ስክሪኑ ዳር ይሸሻሉ፤ አካሉ የረጋበት ቁልፍ ይመረጣል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የታሰበ።

እንደ ልማዷ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ማንቀሳቀስ አላስፈለጋትም። ይህን ነገር ታውቀዋለች።

ባሏ ነው የሠራው። ከቤታቸው ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ፣ ሌላ አገር ላለችው ልጃቸው ሲደውሉ ባዕድ ሰው ያነሳ ነበር። «የማላውቀው ሰው ሁሉ ዘመዴ ሆነ፤ አንዷማ ሰርጌ ላይ ካልመጡ ብላኛለች» ይሉ ነበር። ባሏ የልብስ ሰፊውን ስልክ ወስዶ ብዙ ሰነበተ። የሠራውን ለእሷ ሲያሳያት፣ «ስልክ ችኩል ነው። ሰው ሲያመነታ አይቶ መጠበቅ አለበት» አለ። ከዚያ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሱቁ በመጣ ቁጥር ይጭንለት ነበር፤ ስሙን አይጠይቅም፣ ስልክ ቁጥሩን አይመዘግብም። እሱ ሲሞት ሱቁ ተከራየ፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር።

ፍለጋ ጀመረች። ያለ የሌለውን ሰነድ አገላበጠች። የተጻፈ ነገር የለም። አለቃዋ ዘንድ ሄዳ ነገሩን በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገረችው።

«ምስክርም ዳኛም መሆን እንደማይቻል ታውቂያለሽ» አለ አለቃዋ።

«አውቃለሁ።»

«መዝገቡን ለነጠላ ሰረዝ አስረክቢ።»

ነጠላ ሰረዝ ከጎኗ የሚቀመጠው መርማሪ ነው። አንድ ጊዜ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታ ከአንድ ጠበቃ ጋር ተሟግቶ ስለረታ ነው ቅጽል ስሙ የወጣለት፤ ስሙን የወደደው ይመስላል። ማመልከቻውን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰርቀውት ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም። ሁለት ሰው አንድ ሐሳብ ላይ ይደርሳል።»

«እሱ ቀድሟል።»

«እኔ አምንሻለሁ። መዝገቡ ግን አያምንሽም፤ ሚስት ነሽ። ሌላ ሰው አምጪልኝ፣ የተጠቀመበት ሰው። ስልኩን ጭምር። ስልኩ ሲሠራ በዓይኔ ካየሁ አለቀ። ካላየሁ ፓተንቱን መስጠት ግዴታዬ ነው፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ኋላ ማስለቀቁ ሌላ ጣጣ ነው።»

«ከተረጋገጠ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

ነጠላ ሰረዝ ሳያስብ በቃሉ አለላት፤ ዕድሜ ልኩን የጻፈው ነው። «ይህ ዘዴ ከማመልከቻው ቀን በፊት በእገሌ ተሠርቶ፣ በሕዝብ ዘንድ አገልግሎት ላይ ውሏል።»

እሷም ብዙ ጊዜ ጽፋዋለች። ያን ዕለት ግን በ«እገሌ» ቦታ የባሏን ስም አስገብታ ሰማችው። በእሱ ተሠርቶ። በሕዝብ ዘንድ። ከዓመት በላይ ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም፤ ምግብም፣ እንቅልፍም፣ ወሬም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ፈለገች። ታትማ፣ ማኅተም አርፎባት፣ ማንም ሰው ሊያነባት በሚችልበት ቦታ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ተሻገረች። ልብስ ሰፊው ደጃፉ ላይ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ሐሙስ እኔ መሥሪያ ቤት ይፈለጋሉ።»

«እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ምንም። ስለ ባለቤቴ ነው የሚጠይቁዎት።»

ልብስ ሰፊው ቀና አሉ። «ምን ተገኘበት?»

«ስልክዎ ላይ የሠራውን ነገር ነው። ማስረጃው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ይዘውት ይምጡ።»

«የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሚስቱ ስለሆንኩ መዝገቡን ወስደውብኛል።»

ልብስ ሰፊው ስልኩን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። ጭናቸው ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ሁልጊዜም ነው። «በይ ሂጂ አረፍ በይ፣ ልጄ» አሏት። «አይዞሽ።»

ድሮ ቢሆን ቁጭ ብላ፣ ፓተንት ምን እንደሆነ፣ ኩባንያው ምን እንዳለ፣ እሱ ቀዳሚ መባሉ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ባንድ ታስረዳቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የሚበቃ መሰላት። ቤቷ ገብታ እህቷ ስታወራ እያየቻት እራቷን በላች።

ሐሙስ ልብስ ሰፊው ግራጫ ኮትና ሱሪ ለብሰው መጡ። እጃቸው ጤነኛ ሳለ ራሳቸው የሰፉት ነው። ኮሌታው ላይ ያለው ስፌት ከመድቀቁ የተነሣ በክር የተሰፋ ሳይሆን ጨርቁ ራሱ ለመታጠፍ የወሰነ ይመስላል። የሰው እጅ ይህን ማድረግ ከቻለ በኋላ ብርጭቆ መያዝ ሲያቅተው ምን እንደሚል ማን ያውቃል።

በትንሿ የስብሰባ ክፍል ነጠላ ሰረዝ፣ የኩባንያው ጠበቃ፣ ልብስ ሰፊውና እሷ ተቀመጡ። እሷ እንደ ምስክር አስቀድማ ቃሏን ስለሰጠች አሁን መናገር አትችልም። ነጠላ ሰረዝ በመዝገብ ቋንቋ ጀመረ።

«ሟቹን ያውቋቸዋል?»

«በመልክ» አሉ ልብስ ሰፊው።

«በመልክ ብቻ?»

«ጎረቤት አይደለን፤ ሰላም እንባባላለን።»

ነጠላ ሰረዝ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አየ። «ስልክዎ ላይ ሥራ ሠርተውልዎታል?»

«ማ፣ እሱ? ነክቶትም አያውቅ።»

«ለሌሎች ሰዎችስ?»

«ጨዋ ሰው ነበር። የሰው ስልክ ውስጥ ምን አስገባው?»

እሷ ጠረጴዛውን ታያለች። ጠረጴዛው ላይ ክብ የብርጭቆ ምልክት አለ። ነጠላ ሰረዝ ስልኩን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ፤ ልብስ ሰፊው ቶሎ ብለው ሰጡት። ከፈተው። ቁልፎቹ ትንንሽ፣ እኩል፣ ፀጥ ያሉ ናቸው። ጣቱን በስድስትና በዘጠኝ መካከል አንቀጠቀጠው። ስልኩ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። እንደገና ሞከረ። ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ዘጠኝ።

«ይህ ስልክ ፎርማት ተደርጓል? የነበረበት ሁሉ ተደምስሷል?»

«ትናንት አስጸዳሁት። ወንዙ ማዶ ያለ ልጅ ጋ።»

«ለምን?»

«ቆሽሾ ነበራ።»

የኩባንያው ጠበቃ ሳል መሳይ ድምፅ አሰማና እስክሪብቶውን ከደነ። ነጠላ ሰረዝ ወደ እሷ ዞረ። «ሌላ ምስክር አለሽ?»

ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገብቷታል። ነገር ግን መግባቱ የተደመሰሰውን አይመልሰውም፤ አሁን ልብስ ሰፊው ተሳስተው ነው ብትል፣ ሽማግሌውን ሁለት ዓይነት የሚናገሩ ውሸታም ማስባል ብቻ ነው የሚተርፋት።

«የለኝም» አለች።

«እንግዲያስ ፓተንቱ ይሰጣል» አለ ነጠላ ሰረዝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እሷን አላያትም።

ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊው ክርኗን ያዙ፤ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ከእኔ አንዲት ነገር ጠብ አላለችላቸውም።»

«አየሁ፣ ጋሼ።»

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰውየው መነጽሩን ሲያወልቅ ልያዝ ነው ብዬ ነበር። ግን ዝም አይነቅዝም።»

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አብረው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ለልጃቸው በሰላም መውጣታቸውን ልንገራት ብለው ስልኩን አወጡ። ጣታቸው ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ነካ። አንድ ወንድ አነሳ፤ «ተሳስተዋል፣ አባት» ሲል እሷም ሰማችው። ዘጉት። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ሌላ ሰው።

«ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።

«ሲያስደመስሱት እንዲህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ? ሞቶ ስሙ ከሚጠፋ፣ እኔ ባልደውል ምን አለበት።»

አንድ አውቶቡስ መጣ፤ የእነሱ አልነበረም። በሩ ተከፈተ፣ ማንም ሳይገባ ተዘጋ።

«ለመሆኑ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «ቢደርሱበት ኖሮ ምን ሊያደርጉት ነበር? የሞተን ሰው።»

መልሱን ፈለገችው። ብዙ መልስ ነበረው፤ አንዱ ላይ ረጋች።

«ስሙን ይጽፉት ነበር።»

«መዝገብ ላይ?»

«መዝገብ ላይ።»

«የማይፋቅ?»

«የማይፋቅ።»

ልብስ ሰፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ የወጣውን እፎይታ ያየ ሰው፣ ሸክም ከትከሻ ሲወርድ ድምፅ ያለው ነገር ነው ብሎ ሊምል ይችላል።

«አየሽ? ተረፈ።»

«ተረፈ» አለች እሷ።

ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። «ቁጥሩን ይንገሩኝ።» ልብስ ሰፊው በቃላቸው ጠሩላት፤ እሷ አንድ ባንድ ነካች፣ ጠራ፣ መልሳ ሰጠቻቸው። ሩቅ አገር ያለችው ልጅ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«አዎ ጨርሰናል» አሉ ልብስ ሰፊው። «እሷም አጠገቤ ናት። አይ፣ ምንም አልተገኘበትም። አልተገኘበትም አልኩሽ። ነፃ ነው።»

የእነሱ አውቶቡስ ሲመጣ ክንዳቸውን ደግፋ አስወጣቻቸው። ልብስ ሰፊው እስኪቀመጡ ድረስ ማውራታቸውን አላቆሙም።